ፓፏ ኪሴ ውስጥ ነበረች

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም፣ ለእህቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። በየዓመቱ ፊታቸው ቀርቤ ሐሜቴንና ቁጣዬን ስዘረዝር «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል፤ እኔም «ሌላ የለም አባ» እላለሁ። ሌላ ነበረ! ዋናው እሱ ነበር፤ የዘረዘርኩት ሁሉ እሱን መሸፈኛ ነበር። አሁን ለማታውቁኝ ለእናንተ የምናገረው ደፋር ሆኜ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ስጠብቅ አንድ ነገር ገጠመኝና ከዚያ ወዲህ ልቤ አልረጋ አለኝ። የምጽፈው በጥድፊያ ነው። ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ፤ የሚፈረድብኝ ሌላ ነገር አለ።

ስሜ ሰናይት ነው። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። የምኖረው ከሀይሌ ጋርመንት ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፣ ምድር ላይ። ከአራት ዓመት በፊት ትምህርት ቤታችን ያስተምር የነበረ አንድ ህንዳዊ የሂሳብ መምህር ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ፈተናዎቹን እየተየብኩ ስላገዝኩት አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍና አንድ የእንጨት ሣጥን ሰጠኝ። ሣጥኑ በትናንሽ ብልቃጦች የተሞላ ነው፤ በየብልቃጡ ውስጥ ሰሊጥ የሚያካክሉ ነጫጭ ክኒኖች አሉ። ሲሰጠኝ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው እንዲህ አለኝ፤ «ለትንሽ ነገር ብቻ። ለጉንፋን፣ ለሆድ። ለትልቅ ነገር ሐኪም ቤት።» ጆሮዬ ጥርት አድርጎ ሰምቷል። ይህን የምጽፈው ያ ደግ ሰውዬ በእኔ ጥፋት እንዳይጠረጠር ነው።

መጽሐፉን ስገልጠው ወይ ጉድ! እኔ እኮ ነገር ሲገባኝ ቁጭ ማለት የማልችል ሴት ነኝ። መዝገበ ቃላት በአንድ እጄ፣ መጽሐፉ በሌላው፤ ወጥ እያረረ አነባለሁ። ሆሚዮፓቲ ይባላል። ነገሩ በእኛ ቋንቋ እሾህን በእሾህ ነው፤ በሽታ የሚድነው ራሱን በሚመስል ነገር ነው ይላል። ሽንኩርት ዓይን ያስለቅሳል አይደል? እንግዲያው ዓይንና አፍንጫው ለሚፈስ ሰው ከሽንኩርት የተሠራ መድኃኒት ይሰጠዋል። ግን ሽንኩርቱ ይቀጥናል። አንድ ጠብታ ከመቶ ጠብታ ጋር ይናጣል፤ ከዚያ ላይ አንድ ጠብታ ተወስዶ ከሌላ መቶ ጋር ይናጣል፤ ሽንኩርቱ ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ። በጠፋ ቁጥር ደግሞ ይበረታል! ሳቃችሁ አይደል? እኔ አልሳቅኩም። ጠበል እየጠጣሁ ያደግኩ ሰው ውሃ የማይታይ ኃይል ይይዛል ቢባል ለምን ይስቃል? ጠበሉ ግን የእምነት ነው። እኔ እምነቱን ከቤተ ክርስቲያን ሰርቄ ለስኳር ክኒን ሰጠሁት።

ስለ አስም የሚናገረው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ተነሥቼ ቆምኩ። እውነቴን ነው፣ ቆሜ ነው ያነበብኩት! አስም የሳንባ ጉዳይ ብቻ አይደለም ይላል። በልጅነት የወጣ ችፌ በቅባት ሲታፈን ወደ ውስጥ ገብቶ ደረት ላይ ይቀመጣል። የተዋጠ ሐዘን ደረትን ይዘጋል። ብርድና እርጥበት ይቀሰቅሱታል። ሁለት አስመኞች ደግሞ አንድ ዓይነት መድኃኒት አይወስዱም፤ ስለዚህ ሰውየውን ከሥሩ መጠየቅ ነው። በየትኛው ጎንህ ትተኛለህ? ምን ያስፈራሃል? ውሃ ስትጠጣ ፉት ፉት ነው ወይስ በአንድ ትንፋሽ? ለማን አላለቀስክም? ያን ሁሉ ሳነብ በአእምሮዬ የነበረችው አንዲት ሴት ነበረች።

ባዩሽ። ከእኔ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ፣ ባለቤቷ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ ወሩን ሙሉ ብቻዋን የምትከርም ጓደኛዬ። አስሟ ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት ነው። ሁለት ፓፍ፣ በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት፣ ነበራት፤ አንዷን ጠዋትና ማታ ትስባለች፣ ሌላዋን፣ ሰማያዊዋን፣ ደረቷ ሲያፏጭ ብቻ። በዚያች በሰማያዊዋ ታፍር ነበር። ሰፈሩ ደግሞ አልረዳትም፤ «ፓፍ አንዴ ከለመድሽ መላቀቅ የለም» የማይላት ሰው አልነበረም። እኔም ከሚሉት አንዷ ነበርኩ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ጠራኋትና ደብተሬን ይዤ ጠየቅኋት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጠየቅኋት! በልጅነቷ ችፌ ነበረባት፣ በቅባት ጠፍቷል። ብርድ አትችልም። ውሃ ፉት ፉት ነው የምትለው። እኔ እየጻፍኩ በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ፤ መጽሐፉ ባዩሽን አይቶ የተጻፈ መሰለኝ። መጨረሻ ላይ «ለማን አላለቀስሽም?» አልኳት።  ከዚያ እናቷ የሞተች ቀን ለቅሶው ላይ ዘመዶቿ እጇን ይዘው «አንቺ አታልቅሺ፣ ደረትሽ ይነሣብሻል» ብለው እንዳስቀመጧት ነገረችኝ። እህቶቿ ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ እሷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ውሃ ስትጎነጭ ዋለች። ይህን እየነገረችኝ ማልቀስ ጀመረች። ያለቀሰችው ለዘጠኝ ዓመት ያላለቀሰችውን ነው። ስትጨርስ ፊቷን ጠርጋ፣ «ሰኒ፣ ደረቴ ቀለል አለኝ እኮ!» አለችኝ።

ክኒኑን ገና አልሰጠኋትም ነበር። አያችሁልኝ? ገና አልሰጠኋትም! ያን ቀን ያቀለላት የጓደኛ ጆሮና የራሷ እንባ ነበር። እኔ ግን ከሄደች በኋላ ደብተሬ ላይ «መድኃኒቱ እየሠራ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ክኒኑን በማግስቱ ሰጠኋት። ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር እጇ ላይ እያየች፣ «ይቺ ነገር የጾም ናት አይደል?» አለችኝ። ክኒኖቹ ከወተት ስኳር እንደሚሠሩ መጽሐፉ ላይ አንብቤአለሁ። «የጾም ናት» አልኳት። ነግሬያት ቢሆን ንስሐ አባቷን አስፈቅዳ ትወስደው ነበር፤ ግን ትንሽ እንኳ እንድታመነታ አልፈለግኩም። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነው።

ለሁለት ሳምንት ድንቅ ሆነ። ፀሐይ ነበር፣ አቧራው ገና አልተነሣም፣ ፋብሪካውም ሥራ ቀዝቅዞ ነበር። ባዩሽ ደረጃውን ሳትቆም ወጣች። እኔ በየበሩ እየሄድኩ አወራሁ! አራተኛ ፎቅ ያለች ሴት የልጇን ሳል አመጣችልኝ፣ ጥበቃው ጉልበቱን አሳየኝ። ሰዎች እየሳቁ «ዶክተር ሰኒ» ይሉኝ ጀመር። እነሱ ይስቃሉ፣ እኔ አልስቅም፤ ስሙ ጣመኝ። ሃያ ዓመት የሌላ ሰው ደብዳቤ ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አንድ ሰው ፊቴ ቆሞ «ምን ልውሰድ?» ሲለኝ እንዴት እንደሚያሰክር ልነግራችሁ አልችልም።

ከዚያ ፓፎቿን ጠየቅኳት። እሷ አልሰጠችኝም፤ እኔ ነኝ የጠየቅኩት። ፓፍ በሽታውን ወደ ውስጥ ይገፋል፣ መድኃኒቱን ያበላሻል አልኳት። የጠዋትና የማታውን ወዲያው ሰጠችኝ። ሰማያዊዋን ስትሰጠኝ ግን እጇ ዘገየ። «ምናልባት ቢነሣብኝስ?» አለች። «እኔ ታች አይደለሁ እንዴ? ስልክ ደውዪ፣ ይዤልሽ እመጣለሁ» አልኳት። ተቀበልኩና የሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኳት።

በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። ሐሙስ ባሰባት። ዓርብ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ሁለቴ ቁጭ አለች። እኔ ምን ተሰማኝ? ደስታ! እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስታ ነው የተሰማኝ። መጽሐፉ መድኃኒቱ ሲይዝ ሕመሙ መጀመሪያ ይብሳል፣ ይህ የመዳን ምልክት ነው ይላላ! «እየወጣልሽ ነው ባዩሽዬ፣ በርቺ!» አልኳት። በአንድ ትንፋሽ ሦስት ቃል መናገር ያቃታትን ሴት እጇን ይዤ እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። መታመሟ ትክክለኛነቴን ያረጋግጥልኝ ነበር። ከዚህ የባሰ ጭካኔ የት ይገኛል?

ቅዳሜ ጠዋት ደወለች። ድምፅ የለም፤ ፉጨት ብቻ ነበር። እየሮጥኩ ወጣሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በሁለት እጆቿ ጉልበቷን ተደግፋለች፣ ትከሻዋ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። መናገር አልቻለችም። ጣቷን ወደ ኪሴ ቀሰረች። ፓፏ ኪሴ ውስጥ እንደነበረች ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። እኔ ግን ብልቃጡን አወጣሁ። አራት ክኒን ምላሷ ሥር አደረግኩና ጠበቅኩ። ፓፏ እዚህ፣ እዚህች ኪሴ ውስጥ ሆና ጠበቅኩ! ጣቷ አልታጠፈም፤ እየጠቆመችኝ ነው። ዓይኗ ውስጥ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር። አሁን ይለቃታል፣ አሁን ይለቃታል እያልኩ ፊቷን አየዋለሁ። ምን ያህል ጠበቅኩ? አላውቅም። ጣቷ ራሱ እስኪወድቅ ድረስ ነው።

ያኔ ጮህኩ። ያኔ ፓፏን አፏ ላይ ሰክቼ ጫንኩ፤ ግን የምትስብበት ትንፋሽ አልነበራትም። ጎረቤት ተሰበሰበ። በብርድ ልብስ አድርገው ደረጃውን አወረዷት፣ የአንድ ጎረቤት መኪና ውስጥ አስገቧት፣ እኔ ጭንቅላቷን ታቅፌ ሐኪም ቤት ደረስን። ኦክስጅን ተደረገላት፣ መርፌ ተሰጣት። ዳነች። ባዩሽ ዛሬም በሕይወት አለች፤ ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ እንዳትጨነቁ ነው እንጂ የእኔ ጥፋት እንዲቀል አይደለም።

የሐኪሟ ጥያቄ አጭር ነበር። «ፓፏን በትክክል ትወስድ ነበር?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ። «ታዲያ ዛሬ ምን ነካት?» አለች። እኔም ወዲያው፣ ሳላስብ፣ «ጎረቤታችን በርበሬ እያመሱ ነበር» አልኩ።

ጎረቤታችን እትዬ አበበች ናቸው። ከደቡብ የመጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጸሎት ቤታቸውን የሚወዱ፣ ሰውን ሁሉ «ልጄ» የሚሉ ሴት። በግቢያችን ኮሚናል፣ ለድግስና ለከባድ ሥራ በጋራ በተሠራው ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በርበሬ እያመሱ ለሰፈሩ ያዘጋጁ ነበር፤ ኑሯቸው እሱ ነበር። ያን ቀንም እያመሱ ነበር፣ ይህ እውነት ነው። ግን ለአራት ዓመት በየቅዳሜው አምሰዋል! ባዩሽ መስኮቷን ዘግታ፣ ፓፏን ስባ፣ በሰላም ትውል ነበር። ያን ቅዳሜ ደግሞ እሳቸው ከሰል ከማቀጣጠላቸው ከሦስት ቀን በፊት ደረቷ ሲያፏጭ ነበር። ከባዩሽ ሌላ ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እኔ።

ባዩሽ ነቅታ መናገር ስትችል የጠየቀችኝ እኔን ነው። «ሰኒ፣ ምን ሆኜ ነው?» አለች። ያኔ ልነግራት እችል ነበር። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር! እኔ ግን ውሸቱን መጽሐፍ አለበስኩት። ኃይለኛ ሽታ የመድኃኒቱን ኃይል እንደሚያጠፋ አንብቤ ስለነበር፣ «መድኃኒቱ ይዞልሽ ነበር፣ የበርበሬው ጭስ ነው ያበላሸው» አልኳት። አመነችኝ። ለምን አታምነኝም? ለዘጠኝ ዓመት የዋጠችውን እንባ ያስለቀስኳት እኔ ነኝ። ፓፍ መተዋን ለሐኪሟም ለባለቤቷም ለመናገር ስላፈረች፣ ያ ሀፍረቷ ለእኔ መደበቂያ ሆነኝ።

ወሬው ግቢውን ሞላው። «እትዬ አበበች ሰው ሊገድሉ!» ተባለ። የጽዋ ማኅበራችን ሰው ቢሆኑ ኖሮ አፋችን እንዲህ አይፈጥንም ነበር፤ ይህንንም ልናገር። የግቢው ኮሚቴ ስብሰባ ጠራ። እትዬ አበበች ተነሥተው፣ ነጠላቸውን እያፍተለተሉ፣ «ልጆቼ፣ እኔ አላወቅኩም። ባዩሽ እኮ ልጄ ናት። ጌታ ምስክሬ ነው፣ አላወቅኩም» አሉ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ዝም አልኩ። በኮሚናሉ በርበሬ ማመስ ተከለከለ፤ ጽሑፌ ስለሚያምር ማስታወቂያውን ጻፊ ተባልኩ። ጻፍኩት! በትልልቅ ፊደል፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበት፣ ራሴ ለጠፍኩት። ባዩሽ ደረጃ ላይ ስታገኛቸው ፊቷን ታዞርባቸው ጀመር። እትዬ አበበች ክረምት ሳይገባ ቤቱን ለቀው ፉሪ ልጃቸው ጋ ገቡ። ዕቃቸው ሲጫን ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ አየሁ። ክኒኖቹን ያን ቀን ሽንት ቤት ደፋኋቸው፤ ለሰዉ ግን «መድኃኒቱ ጊዜው አለፈ» አልኩ።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት። ሀይሌ ጋርመንት፣ ሰልፉ ረጅም፣ ረዳቱ «ፉሪ! ፉሪ!» ይላል። አንዲት አሮጊት ከኋላ እጄን ያዙኝ። እትዬ አበበች! ከስተዋል። ጉንጬን አገላብጠው ሳሙኝ። የጠየቁኝ የመጀመሪያ ነገር፣ «ባዩሽ እንዴት ናት? ደረቷስ?» ነው። «ደህና ናት» አልኩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ከዚያ ወዲህ በርበሬ በእጄ ነክቼ አላውቅም ልጄ» አሉኝ። «ጸሎት ቤት ምስክርነት ስጪ ሲሉኝ መቆም እፈራለሁ። ሰው ልገድል ነበር፣ በምን አፌ እናገራለሁ እላለሁ። አንቺ ለእሷ ቅርብ ነሽ። እባክሽ ይቅርታ ለምኝልኝ። ሳልሞት ይቅር ብትለኝ ሌላ አልፈልግም።»

እኔ ምን አልኩ? ልንገራችሁ። «እሺ፣ እነግራታለሁ» አልኩ። እሳቸውም ግንባሬን ስመው፣ «ጌታ ይባርክሽ፣ አንቺ ደግ ልጅ» ብለው ታክሲው ውስጥ ገቡ። እኔ ሰልፉን ትቼ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

እኔ የስም ጉዳይ ብቻ ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ ሰፈሩ ይረሳዋል፣ እሳቸውም ይረሱታል። ለካ አምነውታል! ለካ ያልሠሩትን ኃጢአት በየቀኑ ሲናዘዙት፣ እኔ የሠራሁትን አንድም ቀን አልተናዘዝኩም። መጽሐፉ ነው አልልም። በቅን ልብ ነው አልልም፤ ቅን ልብ ቢኖረኝ ጣቷ ሲጠቁመኝ ፓፏን አወጣ ነበር። ፈርቼ ነው ብል እንኳ ግማሹን ብቻ ነው። «ዶክተር ሰኒ» መባሉን ከእሷ ትንፋሽ አስበለጥኩት። ይኸው ነው።

ባዩሽ አሁን ከሥራ ገብታለች፤ ደረጃውን ስትወጣ ሰምቻለሁ። ይህን የጻፍኩትን ወረቀት ይዤላት ልወጣ ነው፤ በቃሌ ከጀመርኩ ምላሴ ማስጌጥ ይወዳልና አላምነውም። ነገ ፉሪ እሄዳለሁ፤ እየዳኽኩም ቢሆን እሄዳለሁ። ባዩሽ በሩን ትዝጋብኝ፣ ባለቤቷ ይክሰሰኝ፣ ግቢው ይትፋብኝ፤ አቤት የምልበት አፍ የለኝም። በሩን ስትከፍትልኝ የምላት ይህን ብቻ ነው፤ «እትዬ አበበች ይቅርታ ልከውልሻል። እንዳትቀበዪ። በደሉ የእሳቸው አይደለም፣ የእኔ ነው።»